ሰባት ዓሣ ተረክቤ

ስልክ ሲጮህ ልቤ ወደ ሆዴ ይወርዳል። ማን እንደ ደወለ ሳላይ የሞተ ሰው፣ የታመመ ሰው፣ ቤት ልቀቁ የሚል ሰው ባንድ ላይ ይደረደሩብኛል። ባሌ «አንቺ እኮ ከስልኩ ቀድመሽ ነው የምትጮኺው» ይለኛል። ያን ረቡዕ ጠዋት ግን ድንጋጤዬ ልክ ነበር። የደወሉት አከራያችን ነበሩ።

«እሑድ ከቅዳሴ መልስ ብቅ እላለሁ» አሉኝ። «ቤቱንም ዓሦቹንም ልያቸው። ናፍቀውኛል።»

«ይምጡ እትዬ፤ ቤትዎ አይደል እንዴ» አልኩ። ስልኩን ዘግቼ ወለሉ ላይ ቁጭ አልኩ።

ነገሩን ከሥሩ ልናገረው። ይህን ልደታ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ያለ ቤት የተከራየነው ከሦስት ዓመት በፊት ነው። እትዬ ባላቸው ሲሞቱባቸው ሐዋሳ ልጃቸው ጋ ሊኖሩ ሄዱ። ቤቱን ሲያስረክቡን ስለ በሩም ስለ ግድግዳውም አንድ ቃል አልተናገሩም። ሳሎኑ ውስጥ፣ የብረት መቆሚያ ላይ፣ ሦስት ጀሪካን ውሃ የሚይዝ የመስታወት ሣጥን ነበር። አኳሪየም ይሉታል፤ እኛ ቤት ግን ስሙ «መስታወቱ» ነው። ሰባት ዓሣ ነበረበት። ስድስቱ ጣት ጣት የሚያክሉ፣ አንዱ መዳፍ የሚያህል ብርቱካናማ። ባላቸው ጡረታ ከወጡ በኋላ በገዛ እጃቸው ያቋቋሙት ነው። እትዬ እጄን ይዘው «ኪራይ አልጨምርብሽም፣ ውጪም አልልሽም፤ እነዚህን ብቻ እንደ ልጅሽ ያዢልኝ» አሉኝ። እኔም በልደታ ማርያም ማልኩ።

ሰው ለዓሣ ይምላል ወይ ትሉ ይሆናል። እኔ ሰንጋ ተራ የተወለድኩበት ቤት ፈርሶ ከወጣሁ ወዲህ አምስት ጊዜ ዕቃ ጭኛለሁ። ፍራሽ በገመድ እንዴት እንደሚታሰር፣ ብርጭቆ በየትኛው ልብስ እንደሚጠቀለል ከማንም ሹፌር በላይ አውቃለሁ። «ውጪ አልልሽም» የሚል አከራይ ያገኘሁት ያን አንድ ቀን ብቻ ነው። ደግሞ ልጄ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ናት። ለፈተናዋ አራት ወር አልቀረም። ከዚህ ቤት ከወጣን በዚህ ሰፈር በኛ አቅም የሚከፈት በር የለም፤ ከከተማው ዳር ሄደን ነው የምንወድቀው። እሷም በጨለማ ተነሥታ ሁለት ታክሲ እየያዘች ልትማር ነው። እኔ አራተኛ ክፍል ላይ የቀረሁ ሴት ነኝ። የኔ እንዳይደገም የያዝኩት ነገር ቢኖር ይህች ልጅና ይህ ቤት ናቸው።

ዓሦቹ ግን ይህን አላወቁልኝም። የመጀመሪያው የሞተው በገባን በወሩ ነው፤ ባሌ ፍቅር አድሮበት ዳቦ ሲያጎርሰው ሰነበተ። ሁለቱ መብራት ሁለት ቀን ጠፍቶ ውሃውን የሚያጣራው ሞተር የቆመ ጊዜ ሄዱ። አንዱ ዘሎ ወጥቶ ከቴሌቪዥኑ ኋላ ደርቆ ተገኘ፤ ራሱን የጣለውን ደግሞ ማን ይጠይቀኛል ብዬ ነበር። የቀሩት ሁለቱ በምን እንደ ሞቱ እስከ ዛሬ አላውቅም። ጠዋት ስነሣ ተንጋለዋል፣ በቃ። ብርቱካናማው ብቻ ቀረ።

እትዬ በየወሩ ይደውላሉ። ከሰላምታው ቀጥሎ «ዓሦቼስ?» ነው። «ደህና ናቸው እትዬ፣ ይበላሉ።» ውሸት እንደ እንግዳ ነው፤ አንዴ ከገባ መቀመጫ ይጠይቃል። አንድ ወር «አንዷ ሆዷ ገፋ ብሏል» አልኳቸው። ለምን እንዳልኩ አላውቅም፤ ደስ እንዲላቸው ነው መሰለኝ። በሚቀጥለው ወር ደውለው «ወለደች?» አሉኝ። «ወለደች፤ ሌሎቹ ግን ጫጩቶቹን በሏቸው» አልኩ። ከዚህ በኋላ ወደ እውነት የሚመለስ መንገድ የት አለ?

መስታወቱን ማየት አስጠላኝ። ሞተሩ ከተደፈነ በኋላ አረንጓዴ ዝልግልግ ከአራቱም በኩል ለበሰው። ዳንቴል ጣል አደረግሁበት፤ ዳንቴሉ ላይ የላስቲክ አበባ፣ አበባው አጠገብ ሪሞትና የልጄ መጻሕፍት። ትዝ ሲለኝ ዳንቴሉን ገለጥ አድርጌ ምግብ እበትናለሁ። ከውስጥ ጉልጭ ሲል ገና አለ ማለት ነው።

ያን ረቡዕ ማታ እራት ላይ ጉዳዩን ለሁለቱ ነገርኳቸው።

«መጋረጃ ሥሪለት» አለ ባሌ። አብነት ሰፈር ብረታ ብረት ቤት ነው የሚሠራው፤ ማንኛውም ነገር ወይ ይበየዳል ወይ ይሸፈናል ብሎ ያምናል።

«እማ፣ ደውለሽ ሞተዋል በያቸው። ዓሣ ነው፣ ሰው አልገደልሽ» አለች ልጄ።

«አንቺ ዝም ብለሽ አጥኚ።»

«መጽሐፌ ያለው ዓሣው ላይ ነው፤ እዚያ ሄጄ ላጥና?»

እንዲህ ናቸው። ቤቱ የሚፈርሰው እኔ ላይ ብቻ ይመስል።

ሐሙስ የኛ የውሃ ተራ ነው። ቧንቧው ገና ሲያፏጭ ተነሥቼ በርሜሉን ሞላሁ፣ ጀሪካኖቹን ሞላሁ። ሥራዬን የጀመርኩት ሁለቱ ከወጡ በኋላ ነው። ዳንቴሉን አንሥቼ እጄን እስከ ክርኔ አስገባሁ። የሸተተኝን ሽታ አልናገረውም። ዓሣውን በሩዝ ማጥለያ አሳድጄ አሳድጄ ያዝኩትና ከራሱ ውሃ ጋር ሰማያዊ ባልዲ ውስጥ አድርጌ በረንዳ ላይ አስቀመጥኩት። የቀረውን ውሃ በጆግ እየቀዳሁ ሌላ ባልዲ ሞላሁ፤ የተረፈው ወለል ታጠበበት። እኛ ፎቅ ላይ ውሃ አይደፋም። ሩዝ የታጠበበት ዕቃ ያለቀልቃል፣ ልብስ የታጠበበት ወለል ያጥባል፣ ከዚያ የባሰው ለሽንት ቤት ይቀመጣል።

ጎረቤቴ በሩ ክፍት መሆኑን አይታ ገባች። እጆቿን ወገቧ ላይ አድርጋ ባልዲው ውስጥ አየች።

«ለዓቢይ ጾም ነው ያደለብሽው? እኔ ሎሚውን አመጣለሁ።»

«ሂጂልኝ፤ ሰው ጭንቅ ላይ ነው።»

«እንደ ምጥ ታጣጥሪበታለሽ እንጂ መስታወት ነው። በረኪና አድርጊበት፣ ይለቅልሻል» አለችና ከቤቷ ግማሽ ጠርሙስ አመጣችልኝ።

በረኪናው እውነትም አስለቀቀው። ከዚያ አሥር ጊዜ አለቀለቅሁት፤ እየቆጠርኩ ነው። ጠጠሩን እንደ ምስር አጠብኩት፤ ውሃው ኩልል ብሎ እስኪጠራ ድረስ። ዓሦቹ የሚደበቁባትን ትንሽ የላስቲክ ቤተ መንግሥት በጥርስ ብሩሽ ፈገፈግኋት። ከሞተሩ ውስጥ የወጣው ስፖንጅ ግን የጉድ ነበር፤ ጥቁር፣ የሚያዳልጥ፣ ሲጨመቅ እንደ ጭቃ የሚወርድ። በፈሳሽ ሳሙና አሽቼ፣ ጨምቄ፣ አሽቼ፣ እንደ አዲስ አቡጀዲ አነጣሁትና በልብስ መቆንጠጫ ገመድ ላይ ሰቀልኩት። ወገቤ ተቆረጠ። ከዚህ ሁሉ ሥራ ግን ያኮራኝ ያ ስፖንጅ ነበር።

ወደ አሥራ አንድ ሰዓት ገደማ ባሌ ከሥራ መጣ። ሞተሩን ፈትቶ፣ ከውስጡ ፀጉር የመሰለ ነገር በሽቦ ጎትቶ አውጥቶ፣ ሰካው። ህምምም አለ። «ሞተር ሞተር ነው» አለ፤ «የወፍጮም ይሁን የዓሣ።» ቧንቧው ከረፋዱ ጀምሮ ደርቆ ነበርና ከበርሜሉ እየቀዳን ሞላነው። ዓሣውን ለቀቅነው።

እንዴት ያምር እንደነበር። ውሃው ከመጥራቱ የተነሣ ዓሣው አየር ላይ የተንጠለጠለ ይመስል ነበር። ልጄም ከትምህርት ቤት ገብታ ቦርሳዋን ሳታወርድ ቆማ አየችው። ወገቤን ይዤ «እንግዲህ እትዬ ይምጡ» አልኩ። አንድ ዓሣ ብቻ መሆኑን ለጊዜው ረስቼው ነበር።

አሥር ደቂቃ አልሞላም። ዓሣው ወደ ላይ ወጣና አፉን ከውሃው በላይ ከፈት ዘጋ፣ ከፈት ዘጋ ያደርግ ጀመር። ከዚያ እንደ እብድ ከመስታወቱ ጋር ተላተመ። ከዚያ በጎኑ ተኛ።

«በረኪና ነው» አለች ልጄ፣ ስልኳ ላይ እያነበበች። «ክሎሪን ይገድለዋል ይላል። መተንፈሻውን ያቃጥለዋል፣ አየር መሳብ አይችልም።»

«አሥር ጊዜ አለቅልቄዋለሁ። ማርያምን፣ አሥር ጊዜ።»

ልጄ ዓይኗን ከስልኳ አነሣች። ከዚያ ቀስ ብላ «እማ፣ በርሜሉ ውስጥስ?» አለች።

ከዓመታት በፊት አተት የሚሉት ተቅማጥ ገባ በተባለ ጊዜ ጤና ኤክስቴንሽኗ እየዞረች ያጠራቀማችሁትን ውሃ በዚህ አክሙ ብላ አንዳንድ ጠርሙስ የውሃ ክሎሪን ሰጥታን ነበር። ሰው ሁሉ በሽታው ሲያልፍ ተወው። እኔ አልተውኩም። ሲያልቅ ከፋርማሲ እየገዛሁ፣ በርሜል በሞላ ቁጥር እጨምራለሁ። አንድ ክዳን ነው የተባለው፤ እኔ ለማንኛውም ብዬ ሁለት ነው የማደርገው። ያን ጠዋት ደግሞ ሐሳቤ እትዬ ላይ ነበር፤ ሦስት ሳይሆን አይቀርም።

«እኛስ ለምን አልሞትንም?» አለች ልጄ።

«ዝም በይ። የድሮ ውሃው የታለ? ባልዲው የታለ?»

በረንዳው ላይ የነበሩት ሁለት ባልዲዎች የሉም። ሰማያዊውን ዓሣው እንደ ወጣ እኔው ራሴ ወለል አጥቤበታለሁ። ሁለተኛውን... የሽንት ቤቱን በር አየሁ፤ ተዘግቷል። ባሌ ውስጥ ነው።

በሩን በሁለት እጄ ደበደብኩት። «ውሃውን እንዳትደፋው!»

«ምን?»

«ባልዲው ውስጥ ያለውን ውሃ እንዳትደፋው፤ ዓሣው እየሞተ ነው።»

«ሴትዮ፣ ሽንት ቤት ነው ያለሁት።»

«አውቃለሁ። አትድፋው ነው የምልህ።»

«ታዲያ በምን ላውርደው?» አለ። ከዚያም «ግማሹን ደፍቼዋለሁ» አለ።

የቀረውን ግማሽ በበሩ ክፍተት አቀበለኝ። ዓሣውን በእጄ አፍሼ እዚያ አስገባሁት። ያ ጠዋት ያስመለሰኝ አረንጓዴ ውሃ አሁን ጠበል ሆኖ ታየኝ። ዓሣው በጎኑ ተኝቶ ቆየ። ልጄ ባልዲው አጠገብ ተንበርክካ «ተንፍስ እንጂ» ትለዋለች። ራት ሳናቀርብ ሦስታችንም ባልዲ ከብበን ተቀመጥን። ከብዙ ጊዜ በኋላ ጅራቱን አንዴ አወዛወዘና ቀና አለ። ልጄ ሳቀች። እኔ ተነሥቼ ወጥ ማሞቅ ጀመርኩ።

ዓርብ ጠዋት ዓሣ ሻጭ ፍለጋ ወጣሁ። ሰንጋ ተራ አንድ ሕንፃ ምድር ቤት ውስጥ አንድ ሽበታም ሰው እንዳሉ ጎረቤቴ ነግራኝ ነበር። ሱቃቸው ጠባብ ናት፤ ግራና ቀኝ በመስታወት ተሞልታለች፤ ሁሉም ህምምም ይላል። ከስልኬ ላይ ልጄ ያነሣቻትን የድሮ ፎቶ አሳየኋቸው፤ ስድስቱ ትንንሾች ገና በሕይወት እያሉ የተነሣች።

«ጋሼ፣ ከነዚህ ዓይነት ስድስት እፈልጋለሁ። ለእሑድ።»

«ሠርግ አለብሽ?» አሉኝ። «ገንዳው እንዴት ነው? ሲሠራ የቆየ ነው ወይስ አዲስ ውሃ?»

ያደረግሁትን ሁሉ ነገርኳቸው። በረኪናውን ስናገር ዓይናቸውን ጨፈኑ። በርሜሉን ስናገር ራሳቸውን ነቀነቁ። ስፖንጁን በሳሙና አጠብኩ ስል ግን ወንበራቸው ላይ ተቀመጡ።

«ምነው እህቴ። ነፍሱን እኮ ነው ያጠብሽው።»

«ቆሻሻ ነበረ ጋሼ፤ ጥቁር።»

«ያ ጥቁሩ ነው የዓሣውን ሽንትና ኩስ የሚበላለት። ዓይን የማያየው ፍጥረት ነው። እሱ ከሌለ ዓሣው በገዛ ሽንቱ ይመረዛል። በሰላሙ ጊዜ ስፖንጅ በራሱ በገንዳው ውሃ ትንሽ ጨመቅ ተደርጎ ነው የሚመለሰው።»

እንግዲህ ከዚያ ሁሉ ሥራ የኮራሁበት ያ ነበር።

«አሁን ስድስት ብጨምርበትስ?»

«እስከ እሑድ ይኖሩልሻል። ረቡዕ፣ ቢበዛ ሐሙስ፣ ሁሉም ያልቃሉ። ያ ትልቁም አብሮ ይሄዳል።» ከዚያ ፊቴን አዩና «የምትፈልጊው እሑድን ብቻ ከሆነ ልስጥሽ። እኔ ነጋዴ ነኝ» አሉ።

ልስጥሽ ሲሉኝ ይስጡኝ አልኩ። በመረብ ስድስት ዓሣ ያዙ፣ በላስቲክ ከረጢት ውስጥ ውሃና አየር ሞልተው አሰሩልኝ። ከረጢቱን ብርሃን ላይ አንሥቼ አየሁት። ስድስቱም ፊታቸውን ወደ እኔ አዙረው ከንፈራቸውን ያንቀሳቅሳሉ፤ አፋቸውን ከፍተው ዘጉ፣ ከፍተው ዘጉ።

ስለ ጽድቅ ብዬ ነው ብል ውሸት ነው። እትዬ እሑድ አይተው ሐዋሳ ይመለሳሉ፤ ቤቱ ይተርፋል፤ ልጄ ትፈተናለች። ይህን ሁሉ አስቤ ከረጢቱን ጨብጬ ነበር። ግን ወዲያው ከዚያ በኋላ ያለው ታየኝ። ረቡዕ ስድስት ሬሳ በማንኪያ ሳወጣ፤ ከዚያ በየወሩ «ዓሦቼስ?»፣ «ደህና ናቸው እትዬ»፤ እንደገና እርግዝና፣ እንደገና ጫጩት። ሦስት ዓመት የሞተ ዓሣ በስልክ ስቀልብ ኖሬ ሌላ ስድስት ልጨምር? ታከተኝ። ፍርሃቴ አልቀነሰም፤ መታከቱ ግን በለጠው።

«ጋሼ፣ ይመልሷቸው።»

«ምን?»

«ይቅሩ። ስለ ሞቱት የዋሸሁት ይበቃኛል፤ ስለሚሞቱት ከአሁኑ አልጀምርም።»

እያጉረመረሙ ከረጢቱን ፈቱ። «ጠዋት ጠዋት እንዲህ ዓይነት ገበያተኛ አይላክብህ» አሉ፤ ለራሳቸው ነው። ግን ወደ ጓዳ ገብተው ከራሳቸው ገንዳ አንድ ጭብጥ ጥቁር ጥጥ በፌስታል አመጡልኝ። «ይህን ሞተሩ ውስጥ ጠቅጥቂው። እርሾ በይው። ሳሙና እንዳይነካው። ውሃውን ደግሞ አፈ ሰፊ ዕቃ ላይ ገልጠሽ አቆይው፣ ጠዋትና ማታ አማስይው፤ መድኃኒቱ በንኖ ይወጣል።» ለጥጡ ምንም አልተቀበሉኝም።

በእግሬ ነው የተመለስኩት። ልደታ ማርያም በር ላይ ቆሜ ስሳለም ፌስታሉ ከእጄ አልወረደም። ጧፍ የሚሸጡ አንዲት እናት አፍንጫቸውን ይዘው «ምንድን ነው ልጄ?» አሉኝ።

«የዓሣ እርሾ ነው እማማ።»

«ዘንድሮ ደግሞ የማይሸጥ ነገር የለም» አሉ።

ቅዳሜ ቤቱ ቤት አልነበረም። ከመስታወቱም ከበርሜሉም ውሃ ያልተቀዳበት ዕቃ የለም፤ መዘፍዘፊያው፣ ትልቁ ድስት፣ የሊጥ ቡሃቃው፣ የጎረቤቴ ሁለት ሳፋ። በረንዳው ሲሞላ ሳሎኑ ላይ ደረደርኩ። ባሌ ከመኝታ ቤት ሲወጣ ከነካልሲው አንዱ ውስጥ ገባ።

«እትዬ አያስወጡንም» አለ እግሩን እያራገፈ፤ «አንቺ ነሽ የምታስወጪን።»

«መጋረጃ ልሥራልህ?»

ልጄ በየዕቃው እየዞረች በማማሰያ ታማስላለች። መጽሐፏን በሌላ እጇ ይዛለች። «እማ፣ ኬሚስትሪ ላይ ስለ ክሎሪን ከመጣ አንድም አልስትም» አለችኝ። ልቆጣት አስቤ ተውኩት።

እሑድ በማለዳ ውሃውን ወደ መስታወቱ መለስን፣ ከባልዲው አረንጓዴ ውሃም ጨመርንበት፣ ጥቁሩን ጥጥ ሞተሩ ውስጥ ጠቀጠቅሁ። ውሃው እንደ ሐሙሱ አልጠራም፤ ቀጭን ሻይ መሰለ። ዓሣውን ለቀቅነው። እኔ ቆሜ አሥር ደቂቃ ጠበቅሁ። ሃያ ጠበቅሁ። ጠጠሩን እየለቀመ ይተፋል እንጂ ምንም አልሆነም።

እትዬ አራት ሰዓት ላይ መጡ። አራት ፎቅ ወጥተው ትንፋሻቸው እስኪመለስ ነጠላቸውን እንደ ተከናነቡ በሩ ሥር ወንበር ላይ ተቀመጡ። ከተቀመጡበት መስታወቱ አይታይም። ውሃ ሰጠኋቸው። ባሌ ጉሮሮውን ጠረገ። ልጄ ከመኝታ ቤቱ በር ላይ ቆማ ዓይኗን ከኔ አልነቅል አለች።

ብድግ ብለው ሳይቆጥሩ ቀድሜ ልናገር ብዬ ከየት እንደምጀምር ስፈልግ ነበር። ከዚያ ሳላስበው ወጣ።

«እትዬ፣ የቀረው አንድ ነው። ስድስቱ ሞተዋል። ከሞቱ ቆይተዋል። ስዋሽዎት ነበር።»

ብርጭቆውን አስቀመጡ። «ያቺ የወለደችውስ?»

«አልወለደችም። አርግዛም አታውቅ።»

«እሱንስ ጠርጥሬ ነበር» አሉ። ባሌንና ልጄን ተራ በተራ አዩ። «የወንድሜ ልጅ ሊያገባ ነው። ቤቱን ስጪኝ ብሎ ስድስት ወር ነዘነዘኝ» አሉ። «ምን እንዳልኩት ታውቂያለሽ? ዓሦቹን የያዘችልኝ ሴት አለች፣ አላስወጣትም አልኩት።»

ስዋሽ የኖርኩት ቤቱን አቆመልኝ፤ እውነቱን የተናገርኩት አሁን ሊያፈርሰው ነው። ባሌን አየሁት። ወለሉን ያያል።

እትዬ ተነሥተው ወደ መስታወቱ ሄዱ። ጎንበስ አሉ። ዓሣው ከቤተ መንግሥቷ ኋላ ወጥቶ ፊት ለፊታቸው ቆመ። ጣታቸውን መስታወቱ ላይ አደረጉ።

«ይሄ ነው የቀረው?»

«እሱ ነው እትዬ።»

«እሱ የመጀመሪያው ነው። ባለቤቴ በኩባያ ይዞት የመጣው። የቀሩትን በኋላ ነው የገዛቸው» አሉ። ጀርባቸው ለኛ ስለሆነ ፊታቸውን አላየሁም። ከዚያ ሞተሩ ውስጥ ያለውን ጥጥ አይተው «ስፖንጁን ምን አደረግሽው?» አሉኝ።

«በሳሙና አጠብኩት። ለእርስዎ ብዬ፣ ሐሙስ ዕለት። ሊሞትብኝ ነበር። አሁን ያስገባሁት ከሰው ለምኜ ነው።»

ትከሻቸው ተንቀጠቀጠ። የሚያለቅሱ መስሎኝ ደነገጥኩ። እየሳቁ ነበር።

«እሱም አጥቦት ያውቃል» አሉ። «በላርጎ ሳሙና። ሦስቱ ሞቱበት። አንድ ሳምንት አላናገረኝም፤ ላርጎውን የገዛሁት እኔ ነኝ ብሎ።»

ማንም አልሳቀም፤ ለመሳቅ የደፈረ አልነበረም። ተመልሰው ተቀመጡና ነጠላቸውን አስተካከሉ።

«ስሚኝ። የወንድሜን ልጅ ሌላ ይፈልግ እለዋለሁ። ልጅሽ ትፈተን። ይህ ዓሣ እስካለ አንቺም አለሽ። በስልክ ግን አላምንሽም።»

«ልክ ነዎት።»

«ቅዳሜ ቅዳሜ ቪዲዮ ትልኪልኛለሽ። ፎቶ አይደለም፤ ፎቶ የዓምናም ይሆናል። አጠገቡ ቆመሽ ቀኑን እየተናገርሽ።»

እኔ ቀረጻ ላይ መታየት አልወድም፤ ፊቴ የታሰረ ሰው ፊት ይመስላል። ግን ምን እላለሁ። እሺ አልኩ።

የመጀመሪያዋ ቅዳሜ ስትደርስ ጠዋት ፀጉሬን ሠራሁ፤ ባሌ «ለዓሣው ነው ለሴትዮዋ?» አለኝ። መስታወቱ አጠገብ ቆሜ ቀኑን ስናገር ዓሣው ጀርባውን ሰጠኝ። ልጄ «አልታየም፣ እንደገና» አለች። እንደገና ስናገር ቤተ መንግሥቷ ውስጥ ገባ። ሦስተኛው ላይ ቀኑን ተሳሳትኩ። አራተኛው ላይ ሁላችንም ታየን። ላክነው። ስልኩን ጭኔ ላይ አድርጌ ጠበቅሁ፤ መልሱ ለመምጣት ሩብ ሰዓት ፈጀ። ልጄ አነበበችልኝ።

«ከስቷል» ይላል።

ምግቡን አንሥቼ በጣቴ ቆንጥሬ አየሁት። ጨምሬ ብሰጠው ውሃው ይበላሻል፤ ባልሰጠው ይከሳል። ሽበታሙ ሰውዬ በቀን ስንት ቁንጥር እንደሚሰጥ ነግረውኝ ነበር? አልነገሩኝም። ነጠላዬን ደርቤ ወደ ሰንጋ ተራ ወጣሁ።